አራት ሜትር ሽቦ፣ ሦስት ዓርብ

እኔ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ፣ ፈረንሳይኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ የወደብ ወረቀት አሞላሉንም በየመንገዱ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። ኤሌክትሪክን የተማርኩት ከአንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እጄ ሲገባ የፊት ቅጠሎቹ ተገንጥለው ስለነበር የሚጀምረው ከገጽ አርባ አንድ ነው። ስለዚህ ከገጽ አርባ አንድ ወዲህ ስላለው ኤሌክትሪክ ማንም ይምጣና ይጠይቀኝ። ከዚያ በፊት ስላለው ግን ባልጠየቅ እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው አባት ሲሆን ቤቱ ሳይወድ በግዱ ትምህርት ቤት ይሆናል። ምሳ ላይ ስለ ቁጠባ፣ እራት ላይ ስለ ሰዓት ማክበር፣ በመካከሉ ስለ ውሸት አስተምራለሁ። ባለቤቴ ይህን ሃያ ዓመት ስለሰማችው አሁን አሁን እኔ ስጀምር ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች። የሚያስለቅሳት የትኛው እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ልጄ ሜሮን ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሊሴ ገብታ ፊዚክስ በፈረንሳይኛ ትማራለች። እሷ የምትማረው ከገጽ አንድ ጀምራ ነው፤ በቤታችን የጠብ መነሻም ይኸው ነው።

አሁን የማወራችሁ ነገር የሆነው ጅቡቲ፣ ዶራሌ የሚባለው ወደብ ላይ ገና ኮንቴይነር ሳይቆለል፣ ሞባይል ስልክም ገጠር ሳይገባ በፊት ነው። ቤታችን ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ግድግዳው ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። እኔ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ከኢትዮጵያ የሚመጡ ሾፌሮች ሁሉ ስለሚያውቁኝ የሰው ዕቃና መልእክት እኔ ዘንድ ይጥላሉ። ወር ሙሉ ደብዳቤ፣ ሽሮ፣ የፎቶ ፖስታ ስቀበልና ሳድል እኖራለሁ።

ዘነበች የባለቤቴ የአገር ልጅ ናት፤ ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች። ፕላቶ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ የፈረንጅ ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። ከዚያ ቤት የምትወጣው የአገሩ የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ብቻ ነው፤ ከቀትር እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። ያችን ግማሽ ቀን እኛ ቤት ምሳ በልታ፣ ከባለቤቴ ጋር ስለ አገሯ አውርታ ትመለሳለች። ከአሠሪዎቿ ጎን ያለ የፈረንሳይ ቤተሰብ ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃ እየሸጠ መሆኑን የነገረችኝም እሷ ናት። ሄጄ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ካሴት ማጫወቻና እያንዳንዳቸው የትንሽ ማቀዝቀዣ ግማሽ የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ቡፌው ላይ ከደረደርኳቸው በኋላ ነው ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደው ሽቦ እንደሌለ ያየሁት። ፈረንሳዩ ሽቦውን ከሥሩ ቆርጦ ይዞ ሄዷል። በሬ ሸጦ ጠፍሩን የሚያስቀር የኛ አገር ገበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የዚያው ሳምንት ሐሙስ ተካ የሚባል የኮምቦልቻ መስመር ሾፌር አንድ የበርበሬ ከረጢት ጣለልኝ። «ለዘነበች ነው። ከእናቷ። ውስጡ ካሴት አለ» አለኝ።

የዘነበች እናት ማንበብ መጻፍ አያውቁም። ስለዚህ በገበያ ቀን ከተማ ወርደው አንድ ባለሱቅ ቴፕ ፊት ይቀመጡና ይናገራሉ፤ ካሴቱን ሾፌር ያመጣዋል። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ደብዳቤ እንዲህ ነበር። ይኼኛው ግን እንዳይሰበር ተብሎ በርበሬ ውስጥ በመቀበሩ፣ ሳወጣው በየቀዳዳው ቀይ አቧራ ሞልቶታል።

በማግስቱ ዓርብ ዘነበች ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ጋሼ፣ መጣልኝ አሉ?» አለች። ካሴቱን ስሰጣት አሸተተችው። «የእማዬ በርበሬ ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ በሳንቃው ግድግዳ በኩል ወደ ጎረቤት አመለከተች። «ሐሊማ ቤት ቴፕ አለ። አንዴ ሰምቼው ልምጣ።»

ሐሊማ ከእኛ በአንድ ሳንቃ የምትለይ ሶማሌ ጎረቤታችን ናት፤ ሳምቡሳና በረዶ ትሸጣለች። ከኢትዮጵያውያን ጋር ብዙ ስለኖረች አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ በተለይ ስድቡን። ቴፗ በመኪና ጎማ ላስቲክ የታሰረ ነው። የድምፁ መጨመሪያ ስለወለቀ በሚስማር ነው የምታዞረው።

ካሴቱን ከዘነበች እጅ መልሼ ወሰድኩ።

«የእኔ ልጅ፣ በርበሬ የገባበት ካሴት እንደዚያ ያለ ቴፕ ውስጥ ከገባ ይበላብሻል። ክሩ ተጠምጥሞ፣ ተበጣጥሶ ነው የምታወጪው። ደግሞስ የእናት ድምፅ በሚስማር እየተዞረ ይሰማል? በወግ በማዕረግ ነው የሚሰማው። መሣሪያው ይኸው፣ አንቺው ያሳየሽኝ ነው። አጸዳዋለሁ፣ ሽቦ እዘረጋለሁ፣ ከዚያ እናትሽ እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ያህል ትሰሚያቸዋለሽ።»

ሜሮን ከመጽሐፏ ቀና አለች። «አባባ፣ አራት ሜትር እኮ ነው የሚያስፈልገው። የመብራት ሽቦ ይበቃዋል። የዚያ የተበላሸውን አምፑል ሽቦ ብንቆርጠው አሁኑኑ ይሠራል።»

«የመብራት ሽቦ!» አልኩ። ቀጭን ነገር አልወድም። የሳሳ ገመድ ባልዲውን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ነው የሚበጠሰው። መጽሐፌም ይህንኑ ይላል፦ ሽቦ በቀጠነ ቁጥር ያለፈበትን ያዳክማል። ስንት ሜትር ሲሆን፣ ስንት ሲቀጥን የሚለው ምናልባት ከገጽ አርባ አንድ በፊት ነበር። እኔ ከንባቤ የተረዳሁት በወፈረ ቁጥር እንደሚሻል ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ተዘጋ። ካሴቱንም መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ዘነበች መሳቢያውን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ ጋሼ» አለች። ይህች እሺታ የትሕትና መስላኝ ደስ አለችኝ። የዋህ ነበርኩ። በአገራችን ለታላቅ ሰው እሺ የሚባለው ሌላ የሚባል ሲጠፋም ነው።

*

የጅቡቲን ገበያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔ ከቢሮ ስወጣ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ሲከፈት ጫት ገብቷል፤ ባለሱቁ ጉንጩን ወጥሮ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ማክሰኞ ሄጄ ተዘግቶ አገኘሁት። ረቡዕ ሄጄ ክፍት ሆኖ ሰው የለበትም። ሐሙስ ተሳካልኝ። ካርቲየ 2 የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሳልህ የሚባል የመናዊ አለ፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነው። ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ቅጠል ይመርጣል።

«ሳልህ፣ የስፒከር ሽቦ ፈልጌ ነበር።»

«አቦ ጋሼ፣ ግባ! የቱን? ቀጭን አለ፣ መካከለኛ አለ።»

«ወፍራም።»

«ምን ያህል ወፍራም?»

አውራ ጣቴን አሳየሁት። ሳልህ ማላመጡን አቆመ።

«ሰውዬ፣ ሙዚቃ ልትሰማ ነው ወይስ መርከብ ልትጎትት?»

«ለጥራት ነው» አልኩት ኮስተር ብዬ። ስለ ጥራትም፣ ዛሬ ነጋዴው ሁሉ ለጊዜው ብቻ የሚሆን ዕቃ እየሸጠ ትውልዱን እንዳበላሸ ጥቂት ነገርኩት። በእጁ ቅጠል ይዞ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ሽቦ ጎትቶ አወጣ። አውራ ጣቴን ያክላል፤ ሲነኩት ለስላሳ ነው። የሚገርም ሽቦ ነበር። አራት ሜትር አስቆርጬ፣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ እንደ ተሸለመ ሰው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ቀትር ላይ ዘነበች መጣች። ከፕላቶ እዚህ ድረስ በዚያ በሐምሌ ፀሐይ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ ላቧ በነጠላዋ ላይ ካርታ ሠርቷል። ምሳ ቀረበ። እሷ አልበላችም፤ የምታየው እኔን ነው። ፒንሳና ምላጭ ይዤ ሰማያዊውን ላስቲክ መላጥ ጀመርኩ። ላጥኩ። አሁንም ላስቲክ ነው። እንደገና ላጥኩ። አሁንም ላስቲክ። በመጨረሻ ከመሃሉ እንደ ሽማግሌ ጢም የሳሱ ስድስት ሰባት ክሮች ብቅ አሉ። መዳብም መሆናቸው ያጠራጥራል።

«አባባ፣ ይኼ ከመብራቱ ሽቦ ይቀጥናል» አለች ሜሮን።

ያን ያህል ካባ ለብሶ ያን ያህል ከሲታ የሆነ ነገር አይቼ አላውቅም። ይቅርታ፣ አይቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ። ያን ዕለት ለተሰበሰቡት ሴቶች ስለዚህ ጉዳይ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ሰውም እንደ ሽቦ ነው፣ የሚታየው ልብሱ ነው፣ ውስጡ ሲገለጥ ነው የሚታወቀው እያልኩ። ከዚያም መዳብ ምን እንደሆነ፣ በዚህ በጨዋማ አየር እንዴት እንደሚዝግ ለዘነበች አስረዳኋት። መጽሐፉንም አምጥቼ ሥዕል አሳየኋት።

ዘነበች ሥዕሉን ዐየች። «ጋሼ፣ እማዬ ግን የምትናገረው ስለ መዳብ ነው እንዴ?» አለች።

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት። እኔ አልሳቅሁም። «ትዕግሥት፣ ልጄ» አልኩ።

«ካሴቱን ብቻ ይስጡኝ፣ ሐሊማ ቤት…»

«ይበላብሻል አልኩሽ እኮ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ዘነበች አንገቷን ደፋች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። ሁለተኛው ዓርብ እንዲህ አለፈ።

ቅዳሜ ሽቦውን ይዤ ወደ ሳልህ ተመለስኩ። «አጭበረበርከኝ!»

«አቦ፣ ወፍራም አልክ፣ ወፍራም ሰጠሁህ። ውስጡን መች ጠየቅከኝ?»

ሰማያዊውን ሽቦ አንገቴ ላይ መልሼ ጠምጥሜ ወጣሁ።

*

ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። አንድ ሰው ስህተቱን ሲያውቅ መመለስ ጀግንነት እንደሆነ ልጄን ስንት ቀን አስተምሬአለሁ። ነገር ግን አስተማሪው ራሱ ትምህርቱን መከታተል የለበትም መሰለኝ፤ እልህ ያዘኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ጎን ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች ይቆማሉ፤ ሥጋና ዓሣ የሚመጣባቸው። እነሱ ኃይል የሚስቡበት ጥቁር ኬብል የሕፃን ክንድ ያህላል። ውስጡ አራት ሽቦ አለ፤ አራቱም ደንዳና መዳብ። ከተበላሸ ኬብል የተረፈ ቁራጭ ጥግ ላይ ተጥሎ አየሁ። ወደብ ውስጥ የወደቀ ነገር አንሥቶ መሄድ ያገሩ ልማድ ቢሆንም እኔ ሌባ አይደለሁም። ጠየቅሁ። ፈቀዱልኝ። የመውጫ ወረቀት ይጻፍልኝ አልኩ። «አሮጌ ኬብል እኮ ነው፣ ዝም ብለህ ሂድ» አሉኝ። አልሄድም አልኩ። ሦስት ቀን ፈጅቶ፣ ሦስት ማኅተም ተመትቶበት ወረቀቱ ወጣ። በዚያች አገር ለአራት ሜትር ቁራጭ ሦስት ማኅተም ያስመታ ከኔ በፊት አልነበረም፤ በኋላም የሚኖር አይመስለኝም።

ሐሙስ ኬብሉን እንደ ምንም ጠቅልዬ በሲባጎ አስሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የወደብ ኬብል መጠቅለል አይወድም። ገና ሁለተኛው ፌርማታ ሳንደርስ ሲባጎው ተበጠሰ። ኬብሉ እንደ ተቆጣ ዘንዶ ዘለለና ከፊቴ የነበሩትን ሽማግሌ ቆብ በመስኮት አወጣው። አንዲት ሴት የያዘችው የቲማቲም ከረጢት ተዘረገፈ። ጫፉ ዞሮ ሹፌሩን ጆሮው ሥር አገኘው። በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ ተሰደብኩ። ሦስቱንም ራሴን ስላስተማርኩ አንድም አላመለጠኝ። ሰውዬው ቆባቸውን ለቅመው እስኪመለሱ መኪናው ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ እኔን አውርደውኝ ሄዱ።

ቀሪውን መንገድ በእግሬ ኬብል እየጎተትኩ ስሄድ ሐሊማ በረዶ እየሸጠች አየችኝ።

«ዋላል!» አለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «መብራት ኃይል ገባህ እንዴ?»

«ለስፒከር ነው።»

«ለስፒከር? ከዚህ ኬብል የሚወጣውን ድምፅ ባሕሩ ማዶ ታጁራ ድረስ ይሰሙታል። የልጅቷን ካሴት ስጣት፣ አንተ ሰው። እናት ናት። እናት ሽቦ አትጠብቅም።»

ኬብሌን እየጎተትኩ አለፍኳት። የሳምቡሳ ነጋዴ ስለ ኤሌክትሪክ ልትመክረኝ!

ሦስተኛው ዓርብ መጣ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ጣጥ ጣጥ ያሰኘዋል። ዘነበች ከመግባቷ «ጋሼ፣ ተካ መጥቷል። ነገ ጠዋት ይመለሳል። ለእማዬ መልስ ልልክላት ፈልጌ ነበር» አለች። «ዛሬ ትሰሚያለሽ» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።

ኬብሉን ላጥኩት። እውነተኛ መዳብ፣ ቀይ፣ የሚያበራ። ለሁሉም አሳየኋቸው። ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ዞርኩ። ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ የክብሪት እንጨት ያህል ነው።

ገፋሁ። አልገባም። አጣመምኩ። አልገባም። በመጨረሻ ምን አደረግሁ? ፒንሳዬን አንሥቼ መዳቡን አንድ በአንድ መቁረጥ ጀመርኩ። ቀዳዳው እስኪቀበለው ድረስ ቆረጥኩ። ወለሉ ላይ የመዳብ ክምር ተሠራ። ሜሮን ጎኔ ተቀምጣ ትቆጥራለች።

«አባባ።»

«ዝም በይ።»

«አሁን የቀረው እኮ ልክ የመብራት ሽቦ ያህል ነው።»

ይህን ማንም አባት ከልጁ መስማት የለበትም፤ በተለይ እውነት ሲሆን። ቀጠልኩ። ሁሉንም አስገባሁ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩ። ዘነበች መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። ማብሪያውን ተጫንኩ።

አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት በራች። ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማን። ዘነበች «እማዬ» አለች።

ያን ጊዜ ኬብሉ፣ አስገድጄ ያጣመምኩት ኬብል፣ ቀና ማለት ፈለገ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የተሠራው ቀጥ ብሎ ለመኖር ነው። የቀኙን ስፒከር ገፍቶ ከቡፌው ጣለው። ስፒከሩ ሲወድቅ ኬብሉን ጎተተው፤ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተመዘዙት የመዳብ ክሮች እርስ በርስ ተነካኩ። ጧ አለ። ቀዩዋ መብራት ጠፋች። ከአምፕሊፋየሩ ራስ ላይ ቀጭን ጢስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚሸት።

ከሳንቃው ባሻገር ሐሊማ «አላህ!» ስትል ተሰማ።

ዘነበች ተነሣች። ወደ ማጫወቻው ሄዳ ካሴቱን ራሷ አወጣችው። እኔን አላየችኝም። በሩን ከፍታ ወጣች።

*

ባለቤቴና ሜሮን ተከተሏት። እኔ ለብቻዬ ከጢሱ ጋር ቀረሁ። ጥቂት ቆይቼ እኔም ሄድኩ። ሐሊማ በር ላይ ቆምኩ፤ ግባ ያለኝ የለም። ሐሊማ ካሴቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ሁለት ጊዜ እፍ አለችበት፣ ቴፗ ውስጥ ከተተችው። ሚስማሯን አዞረች።

ቴፑ አልበላውም።

«ዘኑ፣ እኔ እናትሽ ነኝ» አለ ድምፁ። ጥራቱ መጥፎ ነበር፤ አንድ ቃል ግን አልጠፋም። «ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ነው እንጂ። ላሚቱ ወልዳለች። ዋናውን ልንገርሽ፣ ይኼ ባለሱቅ ያጣድፈኛል… ቆይ አንተ፣ መች ጨረስኩ! ታናሽሽ አለም ልሂድ ብላ አስጨነቀችኝ። ደላላ መጥቷል። በጅቡቲ አድርጌ፣ ባሕሩን አሻግሬ ሳውዲ አደርሳታለሁ ይላል። የሚነሡት ፍልሰታ ሲገባ ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። አንቺ አጠገቡ ነሽ። ክፉ ከሆነ ድምፅሽን ላኪልኝ፤ እግሯን አስሬም ቢሆን አስቀራታለሁ። ዝም ካልሽ ግን ደግ ነው ማለትሽ ነው። መርቄ እሸኛታለሁ።»

ዝም ካልሽ። ዘነበች ሦስት ዓርብ ዝም ብላለች። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፤ በመሳቢያ፣ በቁልፍ፣ በጥራት።

ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረች። «ፍልሰታ ረቡዕ ነው የሚገባው። አምስት ቀን።»

ሐሊማ አማርኛውን ሁሉ ሰምታለች። አልተሳደበችም። የካሴቱን ጀርባ ገልብጣ ከተተችና ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ አሳየቻት። «እዚህ ተናገሪ። ማይክሮፎኑ ከውስጥ ነው። ሽቦ የለውም።» የመጨረሻዋን የተናገረችው ወደ እኔ ዞራ ነው።

ዘነበች ቀና አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ውጭ ይሁኑልኝ።»

ወጣሁ። በፀሐይ የጋለ ሳንቃ ሥር ቆምኩ። ሳንቃ ግን ሳንቃ ነው፤ ያውም ዘነበች እናቷ ሩቅ ስለሆኑ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው።

«እማዬ፣ አትላኪያት። በላኩልሽ ፎቶ ላይ የተደገፍኳት መኪና የአሠሪዬ የማዳም ናት። ፓስፖርቴም ማዳም ዘንድ ነው ያለው። የምተኛው ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ነው። እንዳታለቅሺ ብዬ ነው የዋሸሁሽ፤ አሁን አልቅሺና አስቀሪያት። ባሕሩን ጠየቅሽኝ፤ እኔ የማየው ዳሩን ነው። ሊሻገሩ የሚመጡትን ልጆች ግን አያቸዋለሁ። ደላላው ገንዘባቸውን ይዞ ሲጠፋባቸው ባዶ እግራቸውን አስፋልት ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ ሙቀት፣ እማዬ። ዳቦ እሰጣቸዋለሁ። ከእኛው ቀዬ ለመጡ ልጆችም ሰጥቻለሁ። አለም፣ እዚያ ካለሽ፣ እኔ ነኝ የምልሽ፤ ቅሪ።»

ከዚያ፣ «መልስ የዘገየብሽ እኔ ወድጄ አይደለም። ካሴቱን የተቀበለው ሰውዬ ሽቦ ሲመርጥ ነው።»

እኔ ስለ ውሸት ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያች ልጅ በየዓርቡ እኔ ቤት ተቀምጣ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ስትል ስንቴ ሰምቻታለሁ። እውነቱን የተናገረችው እኔን ካስወጣች በኋላ ነው።

ካሴቱን ራሴ ልውሰድ ብዬ ለመንኳት። ባለቤቴ «አይቆልፍበትም፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ» ስላለቻት ሰጠችኝ። የጭነት መኪኖቹ ማደሪያ ስንደርስ ተካ ጎማ እየመታ ይፈትሻል። «በርበሬ ውስጥ ልክተተው?» ሲለኝ «ኪስህ ውስጥ!» ብዬ ጮኽኩበት። እሑድ ኮምቦልቻ እንደሚገባ፣ ሰኞ የሐይቅ ገበያ ለሚወርድ ሰው እንደሚሰጥ ማለልኝ። ሁለቴ አስማልኩት። ማኅተም ቢኖረው አስመታው ነበር።

ከዚያ ጠበቅን። ፍልሰታ ገባ፣ ፍልሰታ ተፈታ። ምሳ ላይ አላስተማርኩም፤ ባለቤቴ «አመመህ?» አለችኝ። ከቢሮ ስወጣ መንገድ ዳር በጥላ የተቀመጡ አዳዲስ ልጆች ባየሁ ቁጥር እየቀረብኩ «ከሐይቅ ወዲያ የመጣች አለም የምትባል አለች?» እላለሁ። የለችም ይሉኛል። ደስ ይለኝና ወዲያው አፍራለሁ፤ እነሱም እኮ የሰው አለም ናቸው።

አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተካ ቢሮዬ መጣ። ለእኔ ሰላምታ ብቻ ነበረው። «የዘነበችን ካሴት ለሳምቡሳዋ ሴትዮ ስጥ ስለተባልኩ ትናንት ሰጥቻለሁ» አለኝ። የአሥራ ስምንት ዓመት መልእክት ተቀባይ እንዲህ ነው ጡረታ የሚወጣው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ከሳንቃው ባሻገር ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል ባለቤቴም ሜሮንም ቤት የሉም።

«ዋላል!» ብላ ጮኸች ሐሊማ። «ና፣ ላንተም አለ!»

ገባሁ። ዘነበች መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጥርሷ ይታያል። «ቀርታለች ጋሼ» አለችኝ። «እማዬ አስቀርታታለች። ሦስት ቀን እህል አልቀምስም ብላ ተኛች፣ በአራተኛው ራባትና ተነሣች። ከደላላው ጋር የሄዱት የጎረቤት ልጆች ግን ወሬያቸው የለም።»

ሐሊማ ካሴቱን መለሰችና ሚስማሯን እስከ መጨረሻው አዞረችው። የእናትየው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«…ያንን ሽቦ ሲመርጥ የከረመውንም ሰውዬ ሰላም በይልኝ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ብቻ እግዜር ሥራ ይስጠው።»

እኔ በአንድ ቢሮ አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ሳልቀር የሠራሁ ሰው ነኝ። ይህንኑ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ቀደመችኝ።

«አሜን» አለች።